ለአስፋልት የሚሆን ጎማ

ስለ ብስክሌት ጎማ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት በአንድ ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት ጎማ ለእኔ ክብ ጥቁር ነገር ነበር፤ ወይ ይነፋል ወይ ይተነፍሳል፣ ሌላ ታሪክ የለውም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ሰው በብስክሌት ሲያልፍ ዓይኔ የሚያርፈው ጎማው ላይ ነው። ጥርሱ ምን ያህል እንደቀረ፣ ጎኑ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ አያለሁ። የማይጠቅመኝ እውቀት ነው፤ እኔ ብስክሌት ነድቼም አላውቅ።

ነገሩ የሆነው ናይሮቢ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። ብስክሌቱ የጓደኛዬ ነበር። ጓደኛዬ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ ላቪንግተን ቢሮ ባለው አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። የሚኖረው ግን ካሳራኒ ነው፤ ብቻውን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ ባለው ቤት። ለምን የተሻለ ሰፈር እንደማይከራይ ስጠይቀው «ይሄኛው ምን ሆነ?» ይለኛል። እንደዚህ ዓይነት ሰው ያናድደኛል፤ እወደው ነበር ግን።

ቢሮ ውስጥ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ የተራራ ብስክሌቱን ትቶለት ሄደ። ጓደኛዬ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ መቀመጥ አንገሽግሾት ስለነበር፣ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ሥራ የሚሄደው በብስክሌት ሆነ። እኛ ሐበሾቹ አፈርንበት። ዲግሪ ያለው ሰው ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ፣ በቲካ መንገድ ዳር ዳሩን ሲሄድ ያየ ሁሉ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያወራ ነበር። «ከሥራ ወጣ እንዴ?» ብለው የጠየቁኝ አሉ። እኔም ከእነሱ አልሻልም፤ ፊት ለፊት «ታሰድበናለህ» ብዬዋለሁ። ሳቀና «አንተ ዛሬ በመኪናህ ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» አለኝ። ያን ቀን ከሳውዝ ሲ መሃል ከተማ ለመድረስ ሞምባሳ መንገድ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተገትሬ ነበር፤ አልነገርኩትም።

በብስክሌቱ ላይ አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረው፤ ጎማው። ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራ ስለሆነ አስፋልት ላይ ይጎትታል፣ ይጮሃል ይል ነበር። ለወራት ያወራው ይህንኑ ነው፤ ለአስፋልት የሚሆን ጎማ መግዛት እንዳለበት፣ የትኛው እንደሚሻል ግን እንዳልወሰነ። ሁሉን መዝኖ ካልጨረሰ ምንም አይገዛም። ወሬውን በጀመረ ቁጥር ወደ ሌላ ጨዋታ እወስደው ነበር።

እናቱ የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነበር። የባለቤቴ ቤተሰቦች እዚያው ሰፈር ስለሆኑ ወሬው ለእኛ ቀድሞ ደረሰ፤ ረቡዕ አርፈዋል፣ ሐሙስ ተቀብረዋል። የባለቤቴ እህት በስልክ ነግራን ስታበቃ «እንዳትነግሩት፤ ሰው ሰብስባችሁ በደንቡ አርዱት» አለች። እንንገረው ያለም አልነበረም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም።

የእድራችን ሰብሳቢ ሳውዝ ሲ ምግብ ቤት ያላቸው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ አምስታችንን ጓዳቸው አስቀምጠው ነገሩን ቆረጡት። እሑድ ሲነጋ ይረዳል።

«ለምን እስከ እሑድ?» አልኳቸው።

«ነገ ብንነግረው ማን አብሮት ይውላል? ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ ቅዳሜም ብዙው ሰው እስከ ማታ ይሠራል። ብቻውን እኮ ነው የሚኖረው፣ ልጄ። እሑድ ሰው አያጣም።»

«ጋሼ፣ መሄድ ቢፈልግስ?»

«ቀብሩ አልቋል። ወዴት ይሄዳል?»

የቀረው አንድ ችግር ብቻ ነበር። ጓደኛዬ ዘወትር ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ለእናቱ ይደውላል። ቤታቸው ስልክ ስለሌለ ጎረቤት ሄደው ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ያን ቅዳሜ ቢደውል ስልኩን የሚያነሳው ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ነው። ጋሼ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«ቅዳሜን አንተ ያዘው። ከጠዋት ጀምረህ አትለየው፤ እንዳይደውል። ምክንያቱን አንተ ፍጠር።»

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ቀላል መስሎኝ ነው። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ይህን ሰው ቀኑን ሙሉ በምን እንደምይዘው ጠፋኝ። አይጠጣም፣ ኳስ አያይም፣ ሰው ቤት ሄዶ መቀመጥ አይወድም። ሲነሳ ዓይኑ የሚበራለት ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር። ዓርብ ከቢሮ ደወልኩለት።

«ያ የጎማው ነገር እንዴት ሆነ? ነገ አብረን ሄደን እንግዛው እንጂ።»

«አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ብስክሌት ልትገዛ ነው እንዴ?»

«እያሰብኩበት ነው» አልኩት። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነበር፤ ምንም አልከበደኝም።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሪቨር ሮድ መግቢያ ላይ ተገናኘን። ሳላየው በፊት ሰማሁት። ጎማው አስፋልቱ ላይ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ እውነቱን ነበር ለካ። ወረደና ብስክሌቱን አጋድሞ ማስተማር ጀመረ። ይህ ጥርስ ሁሉ ጭቃ ለመንከስ ነው፤ አስፋልት ላይ ግን መሬት የሚነካው የጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው አለኝ። ስለዚህ ጉልበት ይበላል፤ ዝናብ ሲጥል መታጠፊያ ላይ ያንሸራትታል፤ መሃሉም ቶሎ ይበላል። እውነትም የኋላው ጎማ መሃሉ ተበልቶ ዳርና ዳሩ ብቻ ቆሞ ነበር።

የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት ናይሮቢ ተወልደው ያረጁ ሕንዳዊ ነበሩ። ጎማዎቹ ከጣሪያው በሽቦ ተንጠልጥለዋል። ጓደኛዬ አንድ በአንድ እያወረደ ጎኑን በአውራ ጣቱ ያጥፈዋል፤ መስኮት አጠገብ ፀሐይ ሲመታው የቆየ ጎማ ሲታጠፍ ቀጫጭን ስንጥቅ ያሳያል፣ ለዓይን ግን አዲስ ነው። እንዲህ ያለውን ወደ ጎን ያደርጋል። ከዚያ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያነብልኛል፤ ስፋቱን፣ ቢበዛ ስንት አየር እንደሚችል። ቸርኬው ሃያ ስድስት ኢንች ስለሆነ ጎማውም ሃያ ስድስት መሆን አለበት፤ ስፋቱ ግን ምርጫ ነው።

ምርጫው ወደ ሁለት ጠበበ። አንደኛው ጥርስ የሌለው ለስላሳ ጎማ ነበር፤ ቀጭን፣ ብዙ አየር የሚችል፣ አስፋልት ላይ ያለ ድምፅ የሚሮጥ። ሁለተኛው ትንሽ ሰፋ ያለ ነው፤ መሃሉ ለስላሳ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ግን ትናንሽ ጥርስ ያለው። ጓደኛዬ ልቡ ለስላሳው ላይ ነበር። «እኔ የምሄደው አስፋልት ላይ ነው፤ ታዲያ ጥርስ ለምኔ?» ይላል።

እኔ ደግሞ ሥራዬ እንዳይወስን ማድረግ ነበር። ስለዚህ ጠየቅኩ። ቀጭኑ ጉድጓድ ሲያገኘው አይፈነዳም ወይ? ጠርሙስ ሲረግጥስ? የውስጡ ካላማዳሪ አብሮ ይቀየራል ወይስ የድሮው ይሆናል? ጠይቄ የማላውቀውን ሁሉ ጠየቅኩ። እሱ በደስታ ይመልሳል፤ ለወራት የሚሰማው ያጣ ሰው ነው። ወደ ሁለተኛ ሱቅ ወሰድኩት፣ ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያ ዋጋና ጥራት እናወዳድር ብዬ ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ሽማግሌው ሕንዳዊ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ምዋሊሙ፣ ትገዛለህ ወይስ ታስተምራለህ?» አሉት፤ መምህር ማለታቸው ነው። ሦስታችንም ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ አብሬው እንደዋልኩ አላስታውስም፤ የመጣሁበትን ረስቼ ራሴም ጎማ እያጠፍኩ ማየት ጀምሬ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሰዓቱን አየ። «ቆይ፣ ለእማዬ ልደውል» ብሎ ወደ በሩ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ።

«ኔትዎርክ የለም» አልኩት። «ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ስትሞክር ነበር፤ የኢትዮጵያ መስመር አልገባም ብሏል። ክሬዲትህን ነው የምታቃጥለው።»

ስልኩን እንደያዘ ቆመ። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ከፊታችን የማታቱ ረዳቶች ይጮሃሉ፣ ካርቶን የተሸከመ ሰው በመሃላችን አለፈ።

«እማዬ ደህና ናት አይደል?»

«ምነው?»

«ባለፈው ቅዳሜ ድምፅዋ ደክሞ ነበር። አንተ ደግሞ ዛሬ ስለ ጎማ ትጠይቀኛለህ።» ፈገግ አላለም። «ስማኝ፣ የሆነች ነገር ካለች ንገረኝ። እኔ እንደ ሌላው ሰው አይደለሁም። ሰው ሰብስባችሁ ሌሊት በሬን እንድታንኳኩ አልፈልግም። አሁን፣ እዚሁ፣ አንተ ንገረኝ። እችለዋለሁ።»

ከዚህ በላይ በግልጽ ሊጠየቅ አይችልም። ጋሼን አክብሬ ነው የዋሸሁት ብል ደስ ባለኝ፤ ደንብ ጠብቄ ነው ብል። እውነቱ ግን ፈራሁ። ሪቨር ሮድ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው መሃል፣ መንገድ ላይ ተቀምጦ የሚያለቅስ ሰው ብቻዬን ይዤ ምን እንደምሆን ታየኝና ፈራሁ።

«ኧረ ደህና ናቸው!» አልኩት።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ዓይኑ ግን አልለቀቀኝም፤ እኔም ጨመርኩበት። «የባለቤቴ እህት ትናንት ቤተ ክርስቲያን አግኝታቸዋለች። በእግራቸው መጥተው። እንዲያውም መልእክት ልከውልሃል።»

«ምን ብላ?»

«ያንን ብስክሌት ቀስ ብሎ ይንዳ፤ መኪና ሲመጣ ይውረድለት፤ እኔ ሌላ ልጅ የለኝም በሉልኝ ብለዋል።»

ፊቱ ሲፈታ አየሁት። መጀመሪያ ትከሻው ወረደ፣ ከዚያ ሳቀ፤ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ። «እሷ ናት! እሷ ራሷ ናት! ‹መኪና ሲመጣ ይውረድለት!›» ስልኩን ኪሱ ከተተው። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ወደ ሱቁ ገብቶ ለሽማግሌው ሕንዳዊ የእናቱን መልእክት በስዋሂሊ ተረጎመላቸው፤ እሳቸውም «ትክክል ናቸው» አሉ። ጎማውንም ያኔ ወሰነ። ማታቱ ከኋላ ሲመጣ ከአስፋልቱ መውረድ ካለበት የሚወርደው ቀይ አፈር ላይ ነው፤ የአስፋልቱ ጠርዝ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ ነው። ቀጭኑ ለስላሳ ጎማ እዚያ ላይ ይጥለዋል። ዳሩ ጥርስ ያለው ግን አፈሩን ይዞ ይወጣል። «ለእሷ ስል ይሄኛውን ልውሰድ» አለና ከሁለተኛው ዓይነት ሁለት አነሳ። የሦስት ወር ክርክር በአንድ ደቂቃ አለቀ።

እግረኛ መንገዱ ላይ አንድ ፉንዲ፣ ጎማ ጠጋኝ፣ የፊትና የኋላ አሮጌ ጎማዎቹን በሁለት የማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ አወጣ፣ አዲሶቹን አስገባ፣ ነፋቸው። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ጎማው ጎን ላይ የተሳለው ቀስት ወደ ፊት መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ መንገዱ ላይ ወጥቶ እስከ ማዞሪያው ነድቶ ተመለሰ። «ስማ!» ይለኛል እየነዳ። «ምንም አይሰማም!» እውነትም ምንም አይሰማም ነበር። ምሳ ጋበዘኝ፤ ምሳው ላይም ያንኑ መልእክት ደገመው። እንጀራውን ወደ ጎን ገፍቼ ራሴን አሞኛል አልኩ። ማታ ካሳራኒ ድረስ ልሸኘው፣ መኪናዬን ለባለቤቴ ትቼ ስለነበር፣ ማታቱ ስሳፈር እሱ በብስክሌት ቀድሞኝ ፌርማታው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር።

እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ ስምንት ሰዎች ሆነን የሕንፃው በር ላይ ደረስን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አስካሪው፣ የሕንፃው ዘበኛ፣ ይህን ሁሉ ነጭ የለበሰ ሰው በጨለማ ሲያይ አልከፍትም አለ። ጋሼ በሹክሹክታ ቢያስረዱትም አልገባው ብሎ፣ በመጨረሻ ሲገባው ጮክ ብሎ «ናኒ አሜኩፋ?» አለ። ማን ነው የሞተው ማለቱ ነው። ዝም በል ብለን ለመንነው፤ ከዚያም ቀስ ብለን ነገርነው። አስካሪው ከልጃቸው በፊት ሰማ።

ሦስተኛ ፎቅ ወጥተን ስናንኳኳ በሩን ራሱ ከፈተ። ገና ሲያየን ገባው። ጋሼ «ልጄ፣ እንግዲህ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ እናታችን አርፈዋል» አሉት፤ ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። የጎረቤት በሮች ተከፈቱ፣ ኬንያውያኑ በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው «ፖሌ ሳና፣ ፖሌ» እያሉ ያጽናናሉ። እሱ አላለቀሰም። በሩን እንደያዘ ቆሞ «መቼ?» አለ።

«ረቡዕ» አሉት።

«ረቡዕ» አለ። «ሐሙስ። ዓርብ።» ቅዳሜን አልጠራትም። ከሰዎቹ ራስ በላይ ፈልጎ፣ ከደረጃው ሥር ቆሜ አገኘኝ። ከዚያ ነው በሩን የለቀቀው። ጋሼና ሌላ ሰው ደግፈው አስገቡት፤ እኔ አልደገፍኩትም፣ መጠጋት አቃተኝ። ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነበር፤ ያን ቀን ሰው አላጣም። ሲነጋ ቤቱ ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። እኔም ወንበር ስሸከምና ውሃ ሳመላልስ ዋልኩ፤ ሥራ ማግኘቴ ደግ ነበር።

ለአርባቸው አዲስ አበባ ሄዶ ተመለሰ። በተመለሰ በሳምንቱ ልጠይቀው ሄድኩ። በረንዳው ላይ ብስክሌቱን ገልብጦ ካላማዳሪ ሲለጥፍ አገኘሁት። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አፈላ። ስለ ጉዞው ተጨዋወትን፤ ስለ ቤቱ፣ የእናቱን ዕቃ ለማን እንደሰጠ። ከዚያ ጎማውን ቸርኬው ላይ መልሶ ገጠመ።

«ጠይቄህ ነበር» አለኝ።

«አዎ። ጠይቀኸኝ ነበር።»

«ጋሼን አልወቅስም፤ የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። ሌላ ሰው ቢሆን አልጠይቀውም ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኩት። ፈርቼ እንደዋሸሁም ነገርኩት። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። ራሱን ነቀነቀ፤ የተናደደ አይመስልም። ብስክሌቱን አቃንቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«መልእክቱንስ ከየት አመጣኸው?»

«ከራሴ» አልኩት። «አፌ ላይ መጣልኝ።»

«በደንብ ነው የመጣልህ። እሷ የምትለውን ነው ያልከው።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። ወደ እኔ አላየም፤ ታች መንገዱን ያይ ነበር። «የመጨረሻ የደወልኩላት ቀን አሥር ደቂቃ ያህል አውርተናል። ድምፅዋ ደክሞ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ምን እንዳለችኝ ግን ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ላስታውስ እሞክራለሁ፤ አንድ ቃል አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ አንተ ያልከው ነው፤ በእሷ ድምፅ።»